ከገና በኋላ የተባለው አይስክሬም

«አትሩጪ!» አለች ሄቨን በጥርሷ መሃል። «እንግዳ አይሮጥም። እንግዳ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።»

«እንግዳ በእግሩም አይመጣም» አለች ሉባባ። የአባቷን ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ሰፍቷት እየተንሸራተተ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ በጣቷ ወደ ላይ ትገፋዋለች፣ ተመልሶ ይወርዳል።

እውነቷን ነው። ከሰፈራቸው ከቡሉክ ሆቴሉ እስካለበት ቶንፒንግ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። የቦዳቦዳው ሞተር ሳይክል የሚበላው ብር ለሌላ ነገር ይፈለጋል። የጁባ አቧራ ደግሞ ለማንም አያዳላም፤ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ቅንድብ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የሆቴሉ አጥር ጥግ ቆመው ጫማቸውን በሶፍት ጠረጉ። ፊታቸውንም ጠረጉ። ሉባባ ሶፍቱን በምራቋ አርሳ የሄቨንን ቅንድብ ልታጸዳ ስትል ሄቨን እጇን መታ አደረገቻት።

«ተይ! ሼም ነው!»

«ሼምማ እንደዚህ ሆነሽ መግባት ነው። በርበሬ የነሰነሱብሽ መስለሻል።»

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ረጅም፣ በጣም ረጅም ሰውዬ ነው። እጀታው የረዘመ መስታወት ይዟል፤ የሚገቡትን መኪኖች ሆድ የሚያይበት። ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ተሰልፈዋል። ልጆቹ በመኪኖቹ መሃል አልፈው ሄደው ፊቱ ቆሙ።

«ሀበሻ! እታኩም ጊ ሩዋ ወይን?» አላቸው። ወዴት ናችሁ ማለቱ ነው።

ሉባባ መነጽሯን ገፋ አደረገችና «ስዊሚንግ ፑል» አለችው፣ በአፍንጫዋ፣ ናይሮቢ ተወልዳ እንዳደገች።

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያቸው። ከዛ ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ መስታወቱን እግራቸው ስር ሰደደና ጎንበስ ብሎ የጫማቸውን ሶል ፈተሸ። ከኋላቸው ያለው ሹፌር በሳቅ ሞተ። ዘበኛውም ጥርሱን ብልጭ አደረገ።

«ታማም» አላቸው። «ሜሪ ክሪስማስ።»

ገቡ። በሩን አልፈው ጥግ እንደያዙ ሉባባ የሄቨንን ክንድ ቆነጠጠችው። ሄቨንም መልሳ ቆነጠጠቻት። ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ዘለሉ።

ይሄ ቀን በዋዛ አልመጣም። ስንት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዚሁ አጥር ስር አልፈዋል። ከአጥሩ በላይ የሚታየው የጃንጥላ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሰማያዊና ነጭ። ወዲያ በኩል ደግሞ ሰው ውሃ ውስጥ ሲዘል ይሰማል። ቿ! ከዛ ሳቅ። ሉባባ አንድ ቀን መሃል መንገድ ላይ ቆማ፣ «ወላሂ እኔም ‹ቿ› ሳልል ከዚህ ከተማ አልወጣም» ብላ ነበር።

ችግሩ ጁባ ነች። ጁባ ውስጥ ቲማቲም እንኳን ከዩጋንዳ ተሳፍሮ መጥቶ ነው የሚሸጠው፤ ሆቴል ደግሞ አይነሳ። እዚህ ሆቴል ለሚያርፍ ሰው ዩኤን ይከፍልለታል፣ ኤንጂኦ ይከፍልለታል። ከገዛ ኪሱ ለመክፈል ወስኖ የመጣ ሰው ቢኖር ሄቨንና ሉባባ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እቅዱን ያወጣችው ሄቨን ናት። ሄቨን እቅድ ካወጣች ከቄስ ትዕዛዝ በላይ ነው። ምሳ ከቤት ተበልቶ ይወጣል፤ ሽሮ፣ እስከ አንገት ድረስ። ፎጣም ከቤት። እዚያ መግቢያው ይከፈላል፣ አንድ ኮካ ይታዘዛል፣ ኮካው እስኪመሽ ይጠጣል። ያጠራቀሙት የሱዳን ጊኔ ግን ሁሉም ዛሬ አይነካም። ግማሹ ለፑሉ ነው። ግማሹ ከገና በኋላ ሉባባ ስትመለስ ለአይስክሬሙ።

የሆቴሉ አይስክሬም ትልቅ ጉዳይ ነው። ክፍላቸው ውስጥ አባቷ ባለሥልጣን የሆነ አንዲት ልጅ በልታዋለች። «ሦስት ፎቅ ነው» ብላ በእጇ ቁመቱን ስታሳይ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

ዛሬ ግን አይሆንም። ለፈረንጁም ለጁባም ዛሬ ክሪስማስ ነው፤ ከየቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ይሰማል፣ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው መንገዱን ሞልተውታል። ለሄቨን ግን ታህሳስ አሥራ ስድስት ነው። ጾም ነው። ወተት የለም። እናቷ ወሰንየለሽ ቡሉክ ምግብ ቤት አላት፤ ጠዋት ሲወጡ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ከፈረንጅ ጋር ስትንጫጪ ጾም እንዳትገድፊ» ብላታለች።

«ልጅ ነኝ እኮ እማዬ።»

«ልጅማ ወተቱን ጠጥቶ ይተኛል እንጂ ሆቴል አይሄድም።»

ሉባባ የምትሄደው ሰኞ ነው። አባቷ ጋሽ ሙባረክ ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚሸጥበት ሱቅ ከወሰንየለሽ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደቡቦቹ ከሰሜን ተለይተው አገር ይሆኑ እንደሆነ ድምፅ ይሰጣሉ። ከተማው በደስታ አብዷል። ነጋዴው ግን አንድ ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው። «ነገሩ እስኪለይለት ጅማ እንቆያለን» ብላ ነበር ሉባባ። «ሁለት ሳምንት። ቢበዛ ሦስት።»

ሦስት ሳምንት ምን አላት? ሄቨን ሳታኮርፍ ተቀበለችው። ክፍላቸው ውስጥ ያሉት ሀበሾች ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ሰውን ፊቱ ላይ በአማርኛ ነው የሚያሙት። ሦስት ሳምንት ማንንም ሳታማ ትቆያለች። ምን ታደርገዋለች።

ፑሉ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ።

ውሃው ሰማያዊ ነበር። ሥዕል ነው የሚመስለው። የጁባ ውሃ እንዲህ አይደለም፤ ከናይል በቦቴ ተቀድቶ የሚመጣ፣ ሻይ መሳይ፣ በጀሪካን የሚገዛ፣ በጣሳ የሚታጠቡት ነው። ይሄኛው ከታች የተነጠፈው ንጣፍ እንኳን አንድ በአንድ ይታያል። ዳር ዳሩን ነጫጭ አልጋ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ የፕላስቲክ ጥድ ቆሟል፤ በጥጥ በረዶ ተሠርቶበታል። ከሙቀቱ የተነሳ ጥጡ ራሱ ያላበው ይመስላል።

«ስንት ጀሪካን ይሆናል?» አለች ሄቨን።

«ዝም በይ! ሀብታም ጀሪካን አያውቅም።»

«አንቺስ ስንት ይመስልሻል?»

ሉባባ አሰበች። «የኛ ሰፈር ለዓመት ታጥቦ ይተርፈዋል» አለች በሹክሹክታ።

ልብስ መቀየሪያው ጋ ሰሌዳ አለ፤ ከጥጥ የተሠራ ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል ነው ይላል። ሄቨን የተዋሰችው የዋና ልብስ አላት። ሉባባ ግን እንደዚያ አትለብስም። ደግሞ ቀድማ አስባበታለች፤ ከመቀየሪያው ስትወጣ የታላቅ ወንድሟን የሙሔን የኳስ ማልያ ለብሳለች። ጀርባው ላይ ዘጠኝ ቁጥር። ከስር ረጅም ታይት፣ ከላይ እስከ ጉልበቷ የሚወርድ ቁምጣ፣ ፀጉሯ ላይ የሻወር ላስቲክ።

የዋና ጠባቂው፣ ዩጋንዳዊ ጎረምሳ፣ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ መጣ።

«ናይለን!» አለችው ሉባባ ሳትጠየቅ፣ ማልያዋን ይዛ እያሳየች። «ኖ ኮተን! ናይለን!»

ጨርቁን በሁለት ጣቱ ነካ አደረገው። «በምን ቦታ ነው የምትጫወቺው?»

«አጥቂ።»

ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። እየሳቀ እጁን ወደ ውሃው ዘረጋላቸው፤ ግቡ።

ሄቨን በመሰላሉ ልትወርድ አንድ እግሯን እንደነከረች ሉባባ ከኋላ ተንደርድራ አለፈቻት። አየር ላይ ዘጠኝ ቁጥር ታየ። ቿ!

ውሃው ደረታቸው ድረስ ብቻ ነው። ሉባባ ግን ከባሕር እንደወጣች ሰው እያለከለከች ብቅ አለች፣ የሻወር ላስቲኩ አንድ ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ።

«ሰማሽው? ‹ቿ› አልኩ! ሄቪ፣ ‹ቿ› አልኩ እኮ!»

«ፈረንጆቹ እያዩሽ ነው።»

«ይዩኝ! ይሄንንም አይተው አያውቁም!»

ሁለቱም ዋና አይችሉም። ማን ጠየቃቸው። ውሃው ውስጥ በእግራቸው እሽቅድድም ሄዱ። ትንፋሻቸውን ይዘው ከስር ተቀምጠው ተያዩ፤ ሉባባ ጉንጯን ነፍታ ዓይኗን ስታፈጥ ሄቨን ሳቀች፣ ውሃ ጠጣች፣ ስታስል ዋና ጠባቂው ፊሽካ ነፋ። ከዛ ጠርዙን ይዘው በጀርባቸው ተንሳፈፉና እንግዳ እንግዳ ተጫወቱ።

«ማዳም» አለች ሉባባ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ፣ «የናይሮቢው ቤትሽ እንዴት ነው?»

«ኧረ ሸጥኩት። ፑሉ ጠበበኝ።»

«የውሻው ነው የሰው?»

«የውሻው።»

ጎናቸው የነበረ ሽበታም ፈረንጅ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያቸውና መልሶ ከፍ አደረገው። ጋዜጣው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኮካው ሲመጣ ሌላ ነገር አገኙ። ከኮካው ጋር በትልቅ ብርጭቆ በረዶ ይመጣል። ሲያልቅ ደግሞ ይጨመራል። በነፃ! የእናቷ ፍሪጅ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሄቨን በረዶን እንዲህ ሞልቶ አይታው አታውቅም። የኮካው ግማሽ ሳይነካ ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ በረዶ ጨረሱ። በጥርሳቸው ቆረጠሙት። ሉባባ አንዱን አንስታ የሄቨን ጀርባ ላይ ለቀቀችባት። ሄቨን ጮኸች። በሕይወቷ እንዲህ ስቃ የምታውቅ አልመሰላትም።

«ይሄን ያህል ብር ነው ሰው ለዚህ ሁሉ ደስታ የሚከፍለው?» አለች ሉባባ አልጋ ወንበሩ ላይ ተዘርግታ። መነጽሯን መልሳ አድርጋለች። «እኛ ሌባ ነን ወላሂ። ሰርቀናቸዋል።»

«እቅድ ነው» አለች ሄቨን። «ፋራ ብሩን ያወጣል፣ አራዳ ያቅዳል።»

በዚህ መሃል ነው አይስክሬሙ ያለፈው።

አንዲት ረጅም አስተናጋጅ በትሪ ይዛው በመሃላቸው አለፈች። ሦስት ፎቅ የተባለው ውሸት አልነበረም። ከታች ቡናማ፣ መሃል ላይ ነጭ፣ አናቱ ላይ ሮዝ፤ ከጎኑ ብስኩት እንደ ባንዲራ ተተክሎበታል። ወዲያ ጃንጥላ ስር ለተቀመጡት ፈረንጅ እናትና ልጅ ነው። ልጁ ማንኪያውን ሲሰድ የሁለቱም አንገት አብሮ ዞረ።

«ሄቪ» አለች ሉባባ።

«ወዬ።»

«እንብላ።»

«አብደሻል? ጾም ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከገና በኋላ አላልንም? ስትመለሺ?»

«ብለናል።» ሉባባ በኮካው ስትሮ በረዶውን አማሰለችው። «ግን ቢያልቅስ?»

«ሆቴል ነው እኮ! የእማዬ ቀይ ወጥ መሰለሽ?»

«ወይ ሆቴሉ ቢዘጋስ? ዛሬ እዚሁ ነን፣ አይስክሬሙም እዚሁ ነው። አንዴ ብቻ። ማን ያይሻል?»

ሄቨን ከወንበሯ ቀና አለች። ይሄ የሉባባ ወሬ አይደለም። ሁለቱ ሕግ አላቸው፤ ማንም አላወጣውም፣ ግን ሕግ ነው። ረመዳን ላይ ሄቨን ዳቦዋን ሉባባ ፊት አትበላም። ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ጀርባ ሄዳ ቆማ ትውጥና አፏን ጠርጋ ትመለሳለች። ሄቨን ስትጾም ደግሞ ሉባባ እንቁላልና ወተት አፏ አይገባም፤ ሁለቱም ቅቅል ድንች ነው የሚበሉት። አንድ ዓርብ የሉባባ እናት ረስታ እንቁላል ብትቋጥርላት ለሰፈር ፍየል ነው የሰጠችው። ፍየሏ አልበላም ብላ አንገቷን ስታዞር፣ «አንቺም ትጾሚያለሽ እንዴ?» ብላ ፍየሏን ሰድባት ነበር።

ያቺው ልጅ ዛሬ ማን ያይሻል ትላለች።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት ሄቨን። «አንቺ ነሽ ይሄን የምትዪኝ?»

«ምንም አልሆንኩም። ተይው በቃ። ቀልዴን ነው።» ሉባባ መነጽሯን ወንበሩ ላይ ወረወረችና ተነስታ ሮጠች። ቿ! አሁንም ትልቅ ነበር፤ ሽበታሙ ፈረንጅ ጋዜጣው ራሰበት።

ሄቨን ባዶውን ብርጭቆ አንስታ በረዶ ልታስሞላ ወደ ባንኮኒው ሄደች።

ባንኮኒው ጋ የቆመችው ያቺው አይስክሬሙን ይዛ ያለፈችው አስተናጋጅ ናት። አሁን ፊት ለፊት ስታያት ለየቻት፤ ማርቲ። ሥራ በሌላት ቀን ወሰንየለሽ ቤት ሽሮ የምትበላ፣ ሁሌ ቃሪያ ጨምሩልኝ የምትል።

«እንዴ! የወሰንየለሽ ልጅ!» አለች ማርቲ። «ከሩቅ አይቼሽ ፈረንጅ መስለሽኝ ነበር። ያቺ ባለ ማልያዋ የሙባረክ ልጅ አይደለችም?»

«ናት። ሰኞ ልትሄድ ነው። ለዛ ነው የመጣነው።»

«አወቅኩ። ልትሰነባበቱ ነዋ፣ ጎበዞች።» ማርቲ በረዶውን እየዛቀች ቀጠለች። «ወንድሜ ሠርፀ በደስታ አብዷል። ስንት ዓመት ሱቅ ሱቅ ሲል! ሙባረክም አልጨከነበትም፣ መደርደሪያውን ሳይቀር ነው የለቀቀለት። ትናንት ታፔላ ላይ ስሙን አስቀባ፤ ሰኞ ይሰቅለዋል።»

«የትኛውን ሱቅ?»

«የሙባረክን ነዋ። እናንተ ፊት ለፊት።»

«ለሁለት ሳምንት?»

ማርቲ ሳቀች። «ሱቅ ለሁለት ሳምንት ይሸጣል እንዴ አንቺ? ጅማ ቤት ገዝቶ የለ! ጠቅልለው ነው የሚሄዱት።» ከዛ የሄቨንን ፊት አየች። ማንኪያው በረዶው ውስጥ ቆመ። «አልነገረችሽም?»

ሄቨን ብርጭቆውን ተቀበለች። እጇ ላይ ቀዘቀዛት። «ነግራኛለች» አለች። «ረስቼው ነው።»

አልተመለሰችም። ከባንኮኒው ጥግ፣ ከጥጥ በረዶው ጥድ ጀርባ ቆመች። መጀመሪያ የመጣባት ሄዳ መጮህ ነው። ውሸታም! ማልያዋን ይዞ ከውሃው መጎተት። አንድ ዴስክ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጠው፣ ትናንት ታፔላው ሲቀባ ዛሬ «ሁለት ሳምንት» ብሎ ፊቷን ማየት!

ከዛ ዓቢዳ ትዝ አለቻት።

ዓቢዳ ከነሱ ጋር ሦስተኛ ነበረች። ባለፈው ዓመት አባቷ ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ አንድ ወር ቀድማ ነገረቻቸው። ሄቨን ምን አደረገች? አኮረፈች። ወሩን ሙሉ አላናገረቻትም። ዴስክ ቀየረች። ዓቢዳ የሄደች ቀን ልትሰናበታት ስትመጣ ሽንት ቤት ገብታ ቆለፈች። ሉባባ ናት በር ላይ ቆማ፣ «ሄቪ፣ መኪናው ሊሄድ ነው፣ ሄቪ፣ ውጪ እንጂ» ስትል የነበረችው። አልወጣችም።

ሉባባ ያየችውን አይታ ነው የዋሸችው።

«ሄቪ!» ከውሃው ውስጥ እጇን ታወዛውዛለች። «የት ቀረሽ? በረዶው ይቀልጣል እኮ! ነይ እንጂ፣ በአፍንጫዬ መተንፈስ ቻልኩ!»

ሄቨን ሄደች። ብርጭቆውን ጠርዙ ላይ አስቀመጠች። ሆድ ይፍጀው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተንደረደረች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ቿ!

ስትወጣ ሉባባ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ትጮሃለች። «ዘለለች! እቅድ የሌለው ነገር ሠራች! ሰዎች፣ ይቺ ልጅ ዘለለች!»

ከዚያ በኋላ ዘለሉ፣ ዘለሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ዘለሉ። ተቀምጠው ዘለሉ። የፈረንጇ ልጅም መጣና አብሯቸው ዘለለ፤ ሉባባ በአማርኛ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አስቆጠረችው። ዋና ጠባቂው ፊሽካ መንፋት ደከመውና ተወው። ሄቨን ጣቷ እስኪሸበሸብ፣ ዓይኗ እስኪቀላ ውሃው ውስጥ ቆየች። ዓይኗ የቀላው በውሃው ነው ቢባል ማንም ያምናል።

የሕንጻው ጥላ ፑሉን አቋርጦ ጥዱ ጋ ሲደርስ ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተጋደሙ። ሉባባ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ጁባ ላይ በርዷት አያውቅም። እሱም ደስ አላት።

«ሄቪ፣ ይሄ ቀን አያልቅም አይደል?» አለች ወደ ላይ እያየች።

ሄቨን እያሰበች ነበር። አይስክሬሙን ለሉባባ ብቻ ብታዝ ምንም ጣጣ የለውም፤ ጾሙም አይነካም። ግን ሉባባን ታውቃታለች። ብቻዋን አትበላም። ምድር ቢገለበጥ፣ ለፍየል ትሰጠዋለች እንጂ የምትጾም ሄቨን ፊት ማንኪያ አታነሳም። ስለዚህ ወይ ሁለቱም ይበላሉ፣ ወይ ማንም አይበላም። ከገና በኋላ የሚባል ነገር የለም።

እማዬ ትሰማለች። ማርቲ ሽሮ ልትበላ ስትመጣ ቃሪያውን እየቆረጠመች ትነግራታለች። ባትነግራትም ሄቨን ራሷ ትናገራለች፤ መደበቅ አትችልበትም። የንስሐ አባቷ ደግሞ ስግደት ያዝዟታል። ይዘዙ። እግዜርም ቢሆን ከታንከሩ ጀርባ ቆማ የዋጠችውን ደረቅ ዳቦ ሁሉ አይቷል።

ተነሳች። ቦርሳዋ ውስጥ በፌስታል የተቋጠረውን፣ የአይስክሬሙን ብር፣ ፈታችው። ባንኮኒው ጋ ሄዳ ለማርቲ በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ጾም አይደለሽ እንዴ?» አለች ማርቲ።

«አንድ ትልቅ» አለች ሄቨን። «ሁለት ማንኪያ።»

ማርቲ አየቻት፣ ወደ ፑሉ አየች፣ ብርጭቆ አነሳች። ስታመጣው ብስኩቱ ሁለት ሆኖ ነበር።

ብርጭቆው መሃላቸው ሲቀመጥ ሉባባ ዘላ ተቀመጠች። አይስክሬሙን አየች። ማንኪያዎቹን አየች። ሄቨንን አየች።

«ጾምሽስ?»

ሄቨን ማንኪያውን አነሳች። ከአናቱ ሮዙን ዛቀችና አፏ ውስጥ ከተተችው። ጥርሷን ከነሥሩ ነዘራት። እንጆሪ ነው፣ ወተቱ ይከብዳል፣ ምላሷ ላይ ይተኛል። የምር ሦስት ፎቅ ያወጣል።

«ወይኔ ሉቢ» አለች። «ወይኔ!»

ሉባባ ግን ማንኪያ አላነሳችም። የሻወር ላስቲኩ ጭንቅላቷ ላይ፣ ማልያው ከሰውነቷ ተጣብቆ፣ ፊቷን ታያታለች።

«ማን ነገረሽ?» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

ከሮዙ አንድ ዘለላ በብርጭቆው ጎን ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ።

ሄቨን ሁለተኛውን ማንኪያ አነሳችና እጇ ውስጥ አስያዘቻት።

«ብዪ» አለች። «ይቀልጣል።»